«ቦሮው» እና «ሌንድ»፦ ማን ተቀበለ? ማን ሰጠ?

አርባ ምንጭ ለምትገኙ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች፣ በተለይም አስጎብኚ ለመሆን ለምትዘጋጁ።

«ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» ከሲቀላ እስከ ሴቻ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ጥያቄ ነው። ግን ስህተት ነው። ምክንያቱን እንየው።

ትርጉም፦ «ቦሮው» የሚያደርገው ተቀባዩ ነው፤ «ሌንድ» የሚያደርገው ሰጪው። አማርኛ ሁለቱንም ከአንድ ሥር ያወጣል፦ ተዋሰ፣ አዋሰ፤ ተበደረ፣ አበደረ። አቅጣጫውን «ተ» እና «አ» ይለዩልናል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ ቃል አለው።

አማርኛ የሚለየውን ደግሞ እንግሊዝኛ ያዋህዳል። የዶርዜ ሸማኔ ከጎረቤቱ መወርወሪያ ይዋሳል፤ የሚመልሰው ያንኑ ነው። ክር ግን ይበደራል፤ የሚመልሰው ሌላ ክር ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ቦሮው» ናቸው።

ሰዋስው፦
• ከ«ቦሮው» ቀጥሎ ዕቃው ይመጣል፤ ባለቤቱ በ«ፍሮም» ይጠራል፦ «አይ ቦሮድ ኤ ቦት ፍሮም ኤ ፊሸርማን።»
• ከ«ሌንድ» ቀጥሎ ተቀባዩ ይመጣል፦ «ሂ ሌንት ሚ ኤ ቦት።» ዕቃው ከቀደመ «ቱ» ይገባል፦ «ሂ ሌንት ኤ ቦት ቱ ሚ።»
• ኃላፊ ጊዜ፦ «ቦሮድ»፣ «ሌንት»።

ስለዚህ ትክክሉ «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ወይም «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» ነው።

ጫሞ ላይ ጀልባ ውስጥ ፀሐይ የበረታበት እንግዳ «ካን አይ ቦሮው ዩር አምብሬላ?» ቢላችሁ፣ የእናንተን ጃንጥላ መዋስ ፈልጎ ነው። «ሹር» ብላችሁ አቀብሉት።