ከደጃፉ እስከ ቦዩ

ቶታል ስቴሽን የተባለው የቅየሳ መሣሪያ መንገድ ዳር በሦስት እግሩ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምነው፣ ልታፈርሱን ነው?» ቅየሳ የጀመርኩት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በወጣበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳልጠየቅ ያለፈ የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም። በሰው አልፈርድም። መሣሪያና ችካል ከታየ በኋላ ዶዘር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ባለፈው ጥቅምት ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ግን አንዲት ቡና የሚያፈሉ እናት ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርዱ ጣት ያቆራምዳል፤ ባጃጆቹ ገና አንድ ሁለት እያሉ መሰለፍ ጀምረዋል። ረዳቴ ፕሪዝሙን ይዞ የሚቆምበት ነጥብ የወደቀው እሳቸው ከሰል ከሚያራግቡበት ምድጃ ጎን፣ ከደንበኞቻቸው ዱካዎች መሐል ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ መጀመሪያ አቦሉን ትጠጣለህ ወይስ መጀመሪያ ትለካለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ልለካና እጠጣለሁ።»

«እንግዲያው ቶሎ በል፤ ጀበናው ሊገነፍል ነው።»

ለካሁ። ከሱቁ ግድግዳ እስከ ውኃ መውረጃው ቦይ ጫፍ አንድ ሜትር ከሰማንያ። በዚህች አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ ምድጃው፣ ረከቦቱ፣ አምስት ዱካና ለመቀመጫ የተጋደመ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ሰፍረዋል። ከጀርባ በረንዳው ላይ የልብስ ሰፊው መኪና ሽፋኑ ገና አልተገለጠም። ከእሱ ቀጥሎ የካርድ ሻጩ ልጅ ጃንጥላውን ለመትከል ድንጋይ ይደረድራል። በግራና በቀኝ ደግሞ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ምንም የማይሸጡ፣ ምንም የማይገዙ፣ ዝም ብለው የቆሙ።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህች ቁራጭ መሬት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ከላላ ገጠር ነው። በልጅነቴ ከተማ ማለት አባቴ በግ ነድቶ ሲወጣ ተከትዬው የምሄድበት ቦታ ነበር። በጉ እስኪሸጥ ድረስ ልጅ ነፃ ነው። እኔን ከበጉ ተራም ከእህሉ ተራም ይልቅ የሚስበኝ የሱቆቹ ደጃፍ ነበር። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲከር ጥላ፣ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ የጠገነውን ለመሞከር ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን እንሰማለን፤ ሂዱ የሚለን የለም። ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን በእግሩ ሲረግጥ መንኮራኩሩ ሲሽከረከር ማየት ብቻውን ቀን ያውላል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሽታው አለ። ገጠር መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ «የማን ልጅ ነህ? ወዴት ነህ?» ይልሃል፤ መልስ መስጠት ግድ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ግን ያለ ምንም ምክንያት መቆም ይቻላል። ማታ ስንመለስ አባቴ የበጉን ዋጋ ደጋግሞ ያሰላል፤ እኔ የሲንጀሩን መንኮራኩር አስባለሁ።

ቀያሽ ከሆንኩ በኋላ ያቺን ደጃፍ ፕላን ላይ ፈለግኋት። የለችም። መኖሪያው ቢጫ፣ ንግዱ ቀይ፣ መናፈሻው አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20 ተብሎ ስፋቱ ይጻፍበታል። ቀዩና መንገዱ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ስኬሉ 1፡2000 በሆነ ወረቀት ላይ የእማማ አንድ ሜትር ከሰማንያ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ያሰመረው እርሳስ ራሱ ይሸፍናታል።

ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ፣ የአንድ ኮብልስቶን መንገድ ቅየሳ ተሰጥቶኝ ነበር። መስመሩ ቀጥ እንዲል ፈለግሁ፤ ቀጥ ያለ መስመር የቀያሽ ኩራት ነው። ቀጥ ለማለት ደግሞ ወጣ ያሉ በረንዳዎች መቆረጥ፣ ደጃፍ ላይ የነበሩ የመቀመጫ ድንጋዮች መነሣት፣ ቦዩም ግድግዳ ሥር መግባት ነበረበት። አንድ ሁለት ሜትር ጎበጥ ባደርገው የሚከለክለኝ አልነበረም። አላሰብኩትም። ሥራው ካለቀ ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ መንገዱ እውነትም ያምራል፤ ጭቃው ጠፍቷል፣ አቧራው ቀርቷል። ሰው ግን ያልፋል እንጂ አይቆምም። በረንዳ ላይ ይሰፋ የነበረውን ሰውዬ ወደ ውስጥ ገብቶ አምፖል ሥር አገኘሁት። «ክር የማስገባው በቀን ብርሃን ነበር» አለኝ። «አሁን ዓይኔ ደከመ። ደግሞ የሚያልፈው ሰው አያየኝም፤ እኔም አላየውም።» መስመሩን የሳብኩት እኔ መሆኔን አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና ወንበር ሳበልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመለካቴ በፊት መቆም ለመድኩ። መሣሪያውን ሳላወጣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥግ ይዤ ሰው የት እንደሚቆም አያለሁ። ይህን በሙያ ደረጃ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሰው የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛውን ትቶ እንደሚያልፍ አጥንቶ ውጤቱን በ1980 በመጽሐፍ አውጥቷል። ሰው በብዛት የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው ይላል። የታወቀ ነገር ይመስላል፤ ግን ስንት አደባባይ ነው መቀመጫ ተነፍጎት የተሠራው? ሌላም ያስተዋለው ነገር አለ፤ ድንገት የተገናኙ ሰዎች ለወሬ ሲቆሙ ገለል አይሉም፤ እዚያው የሰዉ ጎርፍ መሐል ይቆማሉ።

ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የእኛው ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ስሞ፣ ያኛውም መልሶ ስሞ፣ እንዴት አደርክ ተባብለው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የታመመው ጎረቤት፣ አንድም ሳይቀር ይጠያየቃሉ። ባጃጁ ጡሩንባ ይነፋል፤ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ይቀጥላሉ። መንገድ የሚሠራ ሰው ይህን እንደ መሰናክል ከቆጠረው የከተማውን ዋና ሀብት እንደ መሰናክል ቆጠረ ማለት ነው። እኔ ለከተማ ሕይወት ያለኝ ፍቅር ከዚህ ይጀምራል። ወጣ ብሎ ያላሰቡትን ሰው ማግኘት፣ እጁን ይዞ መቆየት፣ ሳይቀጣጠሩ መገናኘት። ገጠር ስንኖር ዘመድ ለመጠየቅ ግማሽ ቀን መንገድ እንሄድ ነበር። ከተማ ደጃፍ ላይ ዘመዱ ራሱ በፊትህ ያልፋል።

ደሴ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ ያረፍዳል፤ ከተማዋ ከላይ እስከ ታች በእግር የሚወጣባት የሚወርድባት ናት፤ ስለዚህ ሰው በየዳገቱ እረፍት ይፈልጋል፤ የሚያርፍበትም ቦታ የሰው ደጃፍ ነው። ደረጃ አጋማሽ ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚሰበስብ ሰው ከደጃፉ ባለቤት ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ አይነሣም። የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲለቀቁ ፒያሳ ላይ የሚሰማው ጫጫታ አሁንም በጆሮዬ አለ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ። ከተማዋ ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ፣ መስታወቱ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘሁ። አንድ በረንዳ ሥር ግን አንዲት ሴት ሦስት ስኒ ይዛ ጀበና ጥዳለች። ቡና የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ የቆመው ብዙ ነው። ሰው ሰውን ማየት ናፍቆት ነበር። እኔም ሳልጠጣ ቆምኩ። ከደሴ አራት ዓመት ውስጥ እንደዚያች ዕለት የማስታውሰው ቀን የለም።

አሁንም በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሰው በጊዜ ይገባል። የማታው ሽርሽር አጥሯል። ጠዋቱ የተጨናነቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ የምሽቱ ወሬ ሁሉ ወደ አቦሉ ሰዓት ተዛውሯል።

አዲስ አበባ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ በኋላ ፒያሳን ሄጄ አይቼዋለሁ። እንደ ባለሙያ ዝቅ ብዬ የንጣፉን መጋጠሚያ፣ የእግረኛውን ስፋት፣ የውኃ መውረጃውን ተመለከትኩ። ሰፊ ነው፤ መብራት አለው፤ መቀመጫ አለው። አንዲት እናት የልጇን እጅ ለቃ ልጁ ወደፊት ሲሮጥ ሳትጮህ ስታየው አየሁ፤ መንገድ ዳር ይህን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ያም ሆኖ ቆሎ የምትሸጠዋንና ሊስትሮውን ዓይኔ ፈለጋቸው። ሰው መቀመጫ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ስልኩን ያያል፤ ቆሎ ሻጭ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ቆሎ ሻጯን ያናግራል። ያን ያህል ስፋት ካለ ከዳር አንድ ሜትር ተኩሏን ለእነሱ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ይህን ስል ትልቅ ከተማ እንደ መካነ ሰላም ይሁን ማለቴ አይደለም። እማማ አምስት ዱካ ዘርግተው የሚሠሩት ሥራ ለአዲስ አበባም እንደሚያስፈልግ ስለማምን ነው።

ወደ ጥቅምቷ ጠዋት ልመለስ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሲደርስ፣ ግንዱ ላይ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው የከላላ መኪና ይጠብቃሉ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው መመለሳቸው ነው።

«አባባ፣ መኪናው ዘገየብዎ?»

«ዘግየት ይበል ልጄ። እዚህ ስቀመጥ አገር አየሁ።»

ማንን እንዳዩ ነገሩኝ። ድሮ በሬ የሸጡለትን ሰው አይተዋል፤ ሸምግሏል፤ እጁን ስመውታል። የልጅነት ጓደኛቸውን ልጅ አይተዋል፤ ቁርጥ አባቷን ትመስላለች። የማያውቋት ሴት ሰላም ብላቸው አልፋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግንድ ላይ። እማማ በረካውን ሲያቀርቡ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው የካርድ ሻጩ እህትም፣ እኔም፣ ረዳቴም አሜን አልን። የቡናውን ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሉ እማማ «እርስዎማ እንግዳ ነዎት፤ ይተዉት» አሏቸው።

የምንቀይሰው መንገድ ባለ 10 ሜትር ነው። ለመኪና ስድስት ሜትር ይበቃዋል፤ ሁለት አይሱዙ ሳይነካካ ይተላለፍበታል። ቦዩ በየጎኑ ስድሳ ሳንቲም ይወስዳል። የቀረው ሁለት ሜትር ከሰማንያ ለሁለቱ ጎን ሲካፈል አንድ ሜትር ከአርባ ይደርሳል፤ ከእማማ አርባ ሳንቲም ሊጎድል ነው። ቦዩ በክዳን ድንጋይ ከተሸፈነ ግን ስድሳዋ ትመለሳለች፤ ደጃፏ ሁለት ሜትር ትሆናለች። ክዳን ወጪ አለው፤ ጠራቢ ይፈልጋል፤ ቦዩ ሲደፈን የሚነሣ እንዲሆን ተደርጎ መሠራት አለበት። ሥዕሉን እንዲህ አድርጌ አዘጋጀሁ። በቀያሽ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ከነጥቡ ቁጥር ጎን «ጀበና ቡና፣ 5 ዱካ፣ ግንድ» ብዬ ጻፍኩ። ድሮ የምጽፈው «እንቅፋት» ብዬ ነበር።

ችካሉን ከምድጃው ራቅ አድርገን ተከልን። ጃማና ወረኢሉ ሜዳ ላይ የሠራ ቀያሽ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ሲያብጥ ችካልን እንዴት እንደሚያዘነብል ያውቃል፤ እዚህም ስለጠረጠርኩ ጠለቅ አድርጌ አስመታሁት፤ ጫፉን ቀይ ቀለም ቀባነው። እማማ ጥቂት አዩትና የጀበናቸውን መያዣ ጨርቅ አንጠለጠሉበት።

የከላላው መኪና መጣ። ረዳቱ «ከላላ! ከላላ!» እያለ ጮኸ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በችካሉ ተደግፈው ተነሡና ወደ መኪናው ሄዱ።

በማግስቱ ችካሉን ሳየው ሁለት ጣት ያህል አዘንብሏል። መልሼ አቀናሁት፤ ጨርቁን እዚያው ተውኩት።