ልጆችን በቤት ውስጥ ሒሳብና ሳይንስ ስለ ማስተማር

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድና ደብተር መግዛት የወላጅ ትልቅ ተግባር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል፤ እኔ ከየት አውቄው!» የሚባል እንደ ሆነ፣ ጧት የተዘራው ዘር ማታ ይነቀላል። ይህም ነገር ይልቁንም በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት ላይ ብዙ ጉዳት ያመጣል። አንድ ጊዜ «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ በልቡ የቆረጠ ልጅ፣ አእምሮው ሳይጎድል ተስፋው ብቻ ጎድሎ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራልና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፣ ወላጆች ብዙ ያልተማሩ ቢሆኑም እንኳ ልጆቻቸውን በዚህ ትምህርት ሊረዱ የሚችሉበትን መንገድ ለማመልከት ወደድን።

በዘመናችን ያለ ዋጋ የሚያስተምሩ ብዙ የኢንተርኔት ትምህርቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው ካን አካዳሚ ነው። አነሣሡ ግን ከአንድ ቤተ ሰብ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሳልማን ካን የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ሰው፣ በሌላ ከተማ የምትኖር ታናሽ ዘመዱ በሒሳብ ትምህርት፣ ይልቁንም አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው በመለወጥ ጉዳይ መቸገሯን ሰምቶ በስልክና በኢንተርኔት ያስጠናት ጀመር። ልጅቱም እየበረታች በሄደች ጊዜ ሌሎች ዘመዶችም እንዲያስጠናቸው ለመኑት። እርሱም ለሁሉም መድረስ ስለ ተሳነው በ2006 ዓ.ም. ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እየቀረጸ በዩቲዩብ አወጣው። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኙ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ትምህርት የተወለደው በዚህ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የነበረው ገንዘብ ወይም ትልቅ ሕንጻ አልነበረም፤ አንዲት ልጅ ስትቸገር አይቶ በትዕግሥት አብሯት የደከመ ዘመድ ነበር እንጂ። እኛም ለወላጆች ልናመለክት የምንወደው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ፌት የተባለው ሲሆን፣ በ2001 ዓ.ም. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ካርል ዊማን በ2002 ዓ.ም. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ነው። በዚህ ውስጥ ልጁ ራሱ በጣቱ እያንቀሳቀሰ የኤሌክትሪክ መብራት ይቀጥላል፤ ዕቃ በውኃ ውስጥ ሲሰጥምና ሲንሳፈፍ ያያል፤ ለዓይን የማይታዩት የውኃ ቅንጣቶች ሙቀት ሲጨመርባቸው እንዴት እንደሚፈጥኑ ይመለከታል። ከእነዚህም ብዙዎቹን አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ካወረዱ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ መጠቀም ይቻላል። ሦስተኛው ጂኦጀብራ ነው፤ ይኸውም የመስመርንና የማዕዘንን ትምህርት እየሳቡና እየዘረጉ የሚማሩበት መሣሪያ ነው።

ነገር ግን ልጅን ከስልክ ጋራ ብቻውን አስቀምጦ «ተማር» ማለት ማስተማር አይደለም። ጣቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። መጀመሪያ ይገምት፤ ቀጥሎ ይሞክር፤ በመጨረሻም ያየውን በገዛ ቋንቋው ለእናቱ ወይም ለአባቱ ያስረዳ። ብዙው ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚነገር፣ ያየውን በአማርኛ መልሶ ሲያስረዳ ነገሩ በልቡ ይጸናል። ወላጁም ባይማር እንኳ መጠየቅና ማዳመጥ አያቅተውም።

ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ በእጅ የሚዳሰሰው መቅደም አለበት። ለዚህም ከማድ ቤት የተሻለ ስፍራ የለም።

አንደኛ፣ የድስቱን ውኃ እንመልከት። ውኃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ከፍታ በወጣን መጠን ግን በላያችን ያለው አየር እየቀነሰ ውኃውን የሚጫነው ክብደት ይቀላል፤ ስለዚህም በየ300 ሜትሩ ከፍታ መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ልጁ ይህን ቍጥር ይዞ ሒሳቡን ይሥራ። ከፍታው 2,400 ሜትር ያህል በሆነው በአዲስ አበባ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? 2,400 ለ300 ሲካፈል 8 ስለ ሆነ፣ መልሱ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ባቄላ በደጋ አገር ለመብሰል የሚዘገዩት ስለዚህ ነው። ከዚህም የሚገኝ ሌላ ጥቅም አለ። ውኃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ስለዚህ ክዳኑን ገጥሞ እሳቱን መቀነስ ማገዶ ያድናል። ልጁ ይህን ለእናቱ ቢያስረዳት፣ የተማረው ትምህርት ለቤቱ የሚጠቅም መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛ፣ እርሾን እንመልከት። በባዶ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨምሮ አፉን በፊኛ መሸፈን ነው። ጥቂት ቈይቶ ፊኛው ማንም ሳይነፋው እየተነሣ ይሄዳል። እርሾ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ስለ ሆነ ስኳሩን እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም በሊጡ ውስጥ የታፈነው ይኸው አየር ነው። ልጁ አንዱን ጠርሙስ በሙቅ ስፍራ ሌላውን በቀዝቃዛ ስፍራ ቢያኖር፣ ሊጥ በክረምት ለመቡካት የሚዘገይበትን ምክንያት ራሱ ይደርስበታል።

ሦስተኛ፣ እንቁላልን እንመልከት። ትኩስ እንቁላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ጨው በማንኪያ እየቈጠሩ ቢጨምሩበትና ቢያማስሉት ግን፣ ውኃው እየከበደ ስለሚሄድ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ይነሣና ይንሳፈፋል። ልጁ ስንት ማንኪያ እንደ ፈጀ ይጻፍ፤ ውኃው እጥፍ ቢሆን ጨውም እጥፍ ይፈልግ እንደ ሆነ አስቀድሞ ገምቶ ይሞክር። ከዚያ በኋላ በፌት ውስጥ የመንሳፈፍን ትምህርት ቢያይ፣ ነገሩን በእጁ ስላወቀው በቶሎ ይገባዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

ለሒሳብ ደግሞ ገበያ አለ። የአንድ እንቁላል ዋጋ 18 ብር ቢሆን የ13 እንቁላል ዋጋ ስንት ነው? የማባዣ ሠንጠረዥ ያስፈራው ልጅ እንዲህ ያድርግ። በግራ 13ን እያጋመሰ፣ ግማሽ ሲተርፍ እየጣለ፣ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ብሎ ወደ ታች ይጻፍ። በቀኝ 18ን እያጠፈ 18፣ 36፣ 72፣ 144 ብሎ አንጻር ለአንጻር ይጻፍ። በግራ ሙሉ ቍጥር የሆነው 6 ብቻ ስለ ሆነ በአንጻሩ ያለውን 36ን ይሰርዝ፤ የቀሩትን 18ን፣ 72ን እና 144ን ቢደምር 234 ብር ያገኛል። ይህ በእጥፍ የመቍጠር ብልሃት እጅግ የቈየ ነው፤ የጥንት ግብጻውያን በዚሁ መሠረት ያባዙ እንደ ነበረ ከ3,500 ዓመት በፊት አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ የጻፈው ያስረዳል። ማጋመስንና ማጠፍን አጣምሮ የያዘውን ይህን ሥርዓት በውጭ አገር አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል። የዛሬው ኮምፒዩተርም ቍጥርን የሚይዘው በሁለት እጥፍ እጥፍ ነው።

ለሰማይ ትምህርት ደግሞ አንዲት ቀጥ ያለች በትር በደጅ መትከል ይበቃል። በአዲስ አበባ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፀሐይ በራስ ላይ ትቆማለችና የበትሯ ጥላ ሊጠፋ ይቃረባል። ከዚያ ወዲህ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን ወደ ሰሜን ይመለሳል። ልጁ በየሳምንቱ የጥላውን ርዝመት ቢለካና ቢጽፍ፣ ወራትና ወቅቶች ከፀሐይ አካሄድ ጋራ ያላቸውን ግንኙነት ይማራል።

አሁን ስለ ሴቶች ልጆቻችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንወድም። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ስልኩን ይዞ ሲማር እኅቱ በምድጃው አጠገብ ትሠራለች። ከዚህ በላይ እንዳመለከትነው ግን ምድጃው ራሱ የሳይንስ መማሪያ ነው። ስለዚህ ሥራውንም ትምህርቱንም ለሁለቱ እኩል ማካፈል ይገባል፤ ወንዱም ሊጡን ያቡካ፤ እርሷም ስልኩን ይዛ ታስላ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚል ቃል በጨዋታ እንኳ በቤት ውስጥ ቢነገር፣ የአንዲት ልጅ ዕድል በዚያ ቃል ሊዘጋ ይችላል።

በመጨረሻም ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። እሳትና የፈላ ውኃ ባለበት ልጆች ብቻቸውን አይሁኑ። ስልክም የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ፣ በወላጅ ዓይን ፊት ይሁን። ልጁ ተሳስቶ ሲገምት አይሳቅበት፤ ስሕተቱ ለማወቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነውና። ወላጁም መልሱን ባያውቀው አይፈር፤ «እኔም አላውቀውም፤ ና አብረን እንፈልገው» ይበል። ይህን ቃል ከአባቱና ከእናቱ አፍ የሰማ ልጅ፣ አለማወቅ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስጀምር መሆኑን ተምሮ ያድጋል። አንባቢዎቻችንም ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከእነዚህ አንዱን ከልጆቻቸው ጋራ እንዲሞክሩት እንመኛለን።