ሜዳዩን አልመልስም ያሉት ሐኪም

ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥኑ ላይ የምትቀመጠውን ያችን ሻንጣ ታውቋታላችሁ። የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የባለቤታችሁ የቅጥር ደብዳቤ፣ የአባታችሁ የጡረታ ደብተር የሚጠራቀምባትን ማለታችን ነው። በየቤቱ የዚህች ሻንጣ ኃላፊ እናት ናት። ወረቀት ሲፈለግ «እስቲ እናታችሁን ጠይቁ» ይባላል። ከወረቀቶቹ በአንደኛው ላይ የአባት ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ቢጎድል፣ ከስንት ቢሮ ስንት ቢሮ እንደሚያመላልስ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የምናጫውታችሁም ስለዚሁ ዓይነት ስሕተት ነው። አገሩ ግን አሜሪካ ነው፤ ባለጉዳዮቹም በጦር ሜዳ የዋሉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ከሁሉ አስቀድመን የአንዲት ሴት ታሪክ እናንሳ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ሜሪ ኤድዋርድስ ዎከር የተወለዱት በ1832 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በኦስዌጎ ነው። በ1855 ከሲራክዩስ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው ሐኪም ሆኑ። በዚያን ዘመን ሐኪም የሆነች ሴት በጣት የምትቆጠር ስለነበረች ሕዝቡ በሴት እጅ መታከምን አላመነበትም። ዶክተር ዎከር ደግሞ ረጅም ቀሚስ ጤና ይጎዳል ብለው ሱሪ ይለብሱ ነበርና በዚህም ብዙ ተወርፈዋል፤ ሱሪ ለብሰሻል ተብለው የታሰሩበትም ጊዜ አለ። ባል ሲያገቡ እንኳ የባላቸውን ስም አልወሰዱም። ይህ ለእኛ አገር ሴት የማያስገርም ነገር ቢሆንም በዚያ አገር እንደ ትልቅ ድፍረት ተቆጥሮባቸዋል።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ዋሽንግተን ሄደው በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት እንዲቀጠሩ ጠየቁ። ሴት ነሽ ተብለው ተመለሱ። ወደ ቤታቸው ግን አልተመለሱም፤ ያለ ደመወዝ ቁስለኛ ማከም ጀመሩ። ቆይቶም በኮንትራት ረዳት ሐኪም ሆነው ከኦሃዮ 52ኛ እግረኛ ጦር ጋር ተመደቡ። በሚያዝያ 1864 በጦር ግንባር አካባቢ በጠላት እጅ ተይዘው በሪችመንድ ከተማ አራት ወር ያህል ታስረው ቆዩና በእስረኛ ልውውጥ ተለቀቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ የመኮንንነት ማዕረግ እንዲሰጣቸው አመለከቱ። ለሴት ማዕረግ የሚሰጥበት ሕግ የለም ተባለ። በማዕረጉ ፈንታ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በኅዳር 1865 የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳይ፣ እንዲሰጣቸው ፈረሙ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። በ1916 ግን የክብር ሜዳይ ያለ አግባብ በዝቷል ተብሎ የተሸላሚዎች መዝገብ በጡረታ ላይ በነበሩ ጄኔራሎች እንዲመረመር ሕግ ወጣ። በ1917 የ911 ሰዎች ስም ከመዝገቡ ተፋቀ። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት፣ 864ቱ፣ የሜይን 27ኛ ጦር አባሎች ሲሆኑ ሜዳዩ በጅምላ የታደላቸው ነበሩ። ከተፋቁት መካከል ግን የዶክተር ዎከርም ስም ይገኝበታል። ምክንያት? በሕጉ መሠረት ወታደር አልነበሩም፣ በኮንትራት የሚሠሩ ሲቪል ነበሩ። ልብ በሉ፤ ማዕረጉን አንሰጥም ያሉት እነርሱ፣ ማዕረግ ስላልነበራት አይገባትም ያሉትም እነርሱ ናቸው። ሜዳዩን እንዲመልሱ ሲጠየቁ አሮጊቷ ሐኪም አልመልስም አሉ። በኮታቸው ደረት ላይ እንደሰኩት ኖረው በየካቲት 1919 በ86 ዓመታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም ቀሚስ ለብሰው ሳይሆን በዚያው በለመዱት ጥቁር ሱፋቸው ነው።

አንድ ሰው ከሞተ በኋላ መዝገቡን ማን ያርምለታል? በዚያን ጊዜ ቢሮ አልነበረም። አንድ ወታደር በመዝገቡ ላይ የደረሰ በደል እንዲቃናለት ቢፈልግ የምክር ቤት አባል ለምኖ፣ ለእርሱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ እንዲወጣለት ማድረግ ነበረበት። በ1946 የወጣ ሕግ ይህን ለወጠው። የጦር ኃይል መሥሪያ ቤቶች ከሲቪሎች የተውጣጡ የመዝገብ ማረሚያ ቦርዶችን አቋቋሙ። ማመልከቻው በቅጽ ቁጥር 149 ይሞላል፤ ክፍያ የለበትም። ወታደሩ ሞቶ እንደሆነ የትዳር ጓደኛው ወይም ወራሹ ማመልከት ይችላል። ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ቢባልም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል።

ለመሆኑ ተራው ወታደር ወደዚህ ቦርድ የሚሄደው ምን ጎድሎበት ነው? አንድ ወታደር ከአሜሪካ ሠራዊት ሲሰናበት የሚሰጠው ወረቀት ከ1950 ወዲህ በቅጽ ቁጥሩ 214 እየተባለ ይጠራል። ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገለ፣ ሙያው ምን እንደነበረ፣ የትኞቹን ሜዳዮችና የውጊያ ምልክቶች እንዳገኘ የሚነበበው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። ሰውየው የቤት ብድር ሲጠይቅ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሊታከም ሲሄድ፣ ሲሞትም በወታደር መቃብር እንዲያርፍ ቤተሰቡ ይህን ወረቀት ያቀርባል። በወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር፣ ሰውየው ጠባሳውን በገላው ላይ ይዞ ቢቆምም፣ በቢሮው ዘንድ እንዳልሆነ ይቆጠራል።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ አንድ የደከመው ጸሐፊ በጽሕፈት መኪናው ላይ አንድ መስመር ይዘላል። የሽልማቱ ትእዛዝ ወታደሩ ከተሰናበተ በኋላ ይደርሳል። የቆሰለው ልጅ በሌላ ጦር ሆስፒታል ታክሞ የሕክምና ካርዱ ከማህደሩ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ወደ ሌላ ጦር በትውስት ተልኮ የተዋጋ ሰው ደግሞ የዚያኛው ጦር አዛዥ ስሙን አያውቀውም። ወታደሩም ቢሆን የመሰናበቻ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል፤ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሐሳቡ ያለው እናቱ ቤት ነው። ጉድለቱን የሚያየው ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ «አያቴ፣ ምን ተሸለምህ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው።

ሕጉ ራሱ ከወታደሩ በኋላ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። በ1943 ለተዋጊ እግረኛ ወታደር የሚሰጥ ልዩ የደረት ምልክት ተቋቁሞ ነበር። በ1947 ይህን ምልክት ወይም የውጊያ ሕክምና ምልክትን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላገኙ ሁሉ የነሐስ ኮከብ ሜዳይ እንዲጨመርላቸው ተፈቀደ። ያን ጊዜ ግን ብዙዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እርሻቸውና ወደ ፋብሪካቸው ከተመለሱ ቆይተዋል። ለእንዲህ ያለው ጉድለት መዝገቡን ማየት ብቻ ይበቃል። ለግል ጀግንነት የሚሰጥ ሜዳይ ግን ሌላ ነው፤ ያዩት ሰዎች ምስክርነትና የአዛዥ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ በ1996 በወጣ ሕግ መሠረት በምክር ቤት አባል በኩል መቅረብ አለበት።

ቦርዱ ሲጀምር መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ነው የሚነሣው። ስሕተት ነው የሚለው ማስረዳት አለበት። ለምሳሌ በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠውን ፐርፕል ኸርት የተባለውን ሜዳይ የሚጠይቅ ሰው፣ ቁስሉ ከጠላት መምጣቱንና በሐኪም መታከሙን ማሳየት ይኖርበታል። የጓዶች ቃል፣ የጦሩ የዕለት ሪፖርት፣ የሆስፒታል ካርድ ይቀርባል። ከእናት ሻንጣ የሚወጣ ደብዳቤም ይጠቅማል። ልጅ ለእናቱ «እጄን ትንሽ ነክቶኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ፣ አታስቢ» ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤው ብቻውን ቦርዱን ላያሳምን ይችላል፤ ቀኑንና የሆስፒታሉን ስም ስለሚይዝ ግን የትኛው መዝገብ ቤት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው አዲስ ማስረጃ ሲያገኝ እንደገና ማመልከት ይፈቀድለታል። የተፈቀደለትም አሮጌው ወረቀቱ አይቀደድም፤ ቁጥር 215 የተባለ የእርማት ወረቀት ይያያዝለታል።

መዝገብ ቤቱ ራሱ ቢቃጠልስ? ይህም ደርሷል። በሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ አጠገብ የሚገኘው የብሔራዊ የሠራተኞች ማህደር ማእከል ስድስተኛ ፎቅ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ አራት ቀን ወሰደ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማህደር ወደመ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ውስጥ የ80 በመቶው ማህደር አመድ ሆነ ማለት ነው። ቅጂ አልነበረውም፤ የትኛው ማህደር በየትኛው መደርደሪያ እንደነበረ የሚናገር ዝርዝርም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የእነዚያ ዘመን ወታደሮች መዝገብ የሚጠገነው ከደመወዝ ወረቀት፣ ከየጦሩ የዕለት ሪፖርትና ከሆስፒታል መዝገብ እየተለቃቀመ ነው። ባሏ ቀደም ብሎ ያስቀመጠውን አንድ ቅጂ ከሻንጣዋ ያወጣች ሚስት መንግሥት ያጣውን ወረቀት ይዛ ተገኘች ማለት ይቻላል።

መዝገብ ላይ አለመጻፍ ምን እንደሚያስከትል ወታደር ሄንሪ ጆንሰን ይመሰክራል። የኒውዮርክ ነዋሪ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የ369ኛው እግረኛ ጦር አባል ነበር። በግንቦት 1918 በፈረንሳይ አገር ሌሊት ጥበቃ ላይ ሳለ ከአንድ ጓዱ ጋር ሆኖ የጀርመንን ጦር ተዋግቶ መለሰ፤ ሃያ አንድ ቦታ ቆሰለ፤ ጓዱንም ከመማረክ አዳነ። ፈረንሳዮች ወዲያው ሸለሙት። የራሱ አገር የመሰናበቻ ወረቀት ግን ስለ ቁስሉ አንዲት ቃል አልጻፈም። ሰውነቱ ተጎድቶ ሥራ መሥራት አቅቶት በ1929 በድህነት ሞተ። ፐርፕል ኸርት የተሰጠው በ1996፣ የክብር ሜዳይ የተሰጠው በ2015 ነው። ሜዳዩ ዳቦ ሆኖ ሊደርስለት በሚችልበት ጊዜ አልደረሰም።

ወደ ሴቶቹ ስንመለስ፣ የዶክተር ዎከር ዓይነት ነገር በቅርቡም ታይቷል። ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ ሠራዊት ሴቶች በእግረኛ ተዋጊ ጦር እንዳይመደቡ የሚከለክል መመሪያ ነበር። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ግን የአገሩን ሴቶች የሚፈትሽና የሚያነጋግር ሴት ወታደር ያስፈልግ ስለነበር፣ በመዝገብ መካኒክ ወይም ጸሐፊ የሆነች ሴት ከእግረኛው ጋር እየወጣች ተኩስ ውስጥ ትገባ ነበር። «ተመደበች» ላለማለት «ተያያዘች» ይሏት ነበር፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ጥይቱ ያው ነው። የእግረኛው ምልክት ለእግረኛ ሙያ ብቻ ስለሆነ አይደርሳትም። በ2005 የምድር ጦሩ ማንኛውም ሙያ ያለው ወታደር በውጊያ ላይ ከተገኘ የሚሰጥ ሌላ ምልክት አቋቋመና ከመስከረም 18 ቀን 2001 ወዲህ ለተደረገ ውጊያ ሁሉ እንዲሠራ አደረገ። የ1994ቱ ክልከላም በ2013 ተነሣ።

«ለአንዲት ምልክት ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከጦርነት የተመለሰች እናት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ በር ሲንኳኳ እየደነገጠች፣ ልጆቿን ማቀፍ ተስኗት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ በመዝገቧ ላይ የውጊያ ምልክት ካለ ጦርነት ማየቷን ሌላ ማስረጃ ሳትፈልግ ይታመንላታል። ምልክቱ ከሌለ ግን የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደነበረች እየዘረዘረች፣ ልትረሳው የምትፈልገውን እየደጋገመች ማስረዳት አለባት። በ2010 የወጣ ደንብ ይህን ሸክም ለብዙዎች ቢያቀልልም ፈጽሞ አላስቀረውም።

በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆች መካከልም በሠራዊቱ ያገለገሉ አሉ። እኅት ወይም የአክስት ልጅ ያላችሁ ስትደዋወሉ፣ ልጁ ሲሰናበት ወረቀቱን ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ከሽልማቱ ትእዛዝና ከሕክምና ካርዱ ቅጂ ወስዶ ለእናቱ እንዲልክ ንገሯቸው። የጓዶቹን ስምና አድራሻም ይጻፍ፤ ምስክር እንደ ወረቀት ሁሉ በጊዜ ይጠፋል።

ዶክተር ዎከርስ? ከሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዘመዶቻቸው አመለከቱ። የምድር ጦር የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ፣ ሐኪሟ በጾታቸው ምክንያት አድልዎ እንደደረሰባቸውና ሥራቸው ግን ጀግንነትና ራስን መሠዋት እንደነበረበት ተቀበለ። በሰኔ 1977 ስማቸው ወደ ክብር ሜዳይ መዝገብ ተመለሰ። በ1989 ደግሞ እንደ እርሳቸው ሲቪል ናችሁ ተብለው የተፋቁ አምስት የጦር መንገድ መሪዎች፣ ቡፋሎ ቢል የተባለው ታዋቂ ሰው ጭምር፣ በዚያው መንገድ ተመለሱ። የክብር ሜዳይ ያገኙት ሴት እስከ ዛሬ ዶክተር ዎከር ብቻ ናቸው።

በ2023 በቨርጂንያ የሚገኝ አንድ የጦር ሰፈር በስማቸው ተሰይሞ ነበር፤ በ2025 ስሙ እንደገና ተለወጠ። በ2024 የወጣችው የአሜሪካ የሃያ አምስት ሳንቲም ግን አለች። ጀርባዋ ላይ ሐኪሟ የኪስ የቀዶ ሕክምና መሣሪያቸውን ይዘው ይታያሉ፤ ያ ሜዳይም ከደረታቸው ላይ አልወረደም።