እንቅልፍ ያጣ ሹፌርና የሰው ነፍስ አማና



ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎሃ ጽዮን የደረሰ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን የወጣ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ የገባ የጭነት መኪና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። በካርታ ላይ ሲያዩት ብዙ አይመስልም። ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ግን የዓባይ ሸለቆ ብቻውን ቁልቁለቱና ዳገቱ ተደምሮ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በፍሬን ሥጋት የሚታለፍ ነው። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ዓባይን ዳግመኛ ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። ሹፌሩም ያመጣውን አራግፎ በቆሎውን፣ ጤፉንና የቡሬን በርበሬ ጭኖ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ሌሊት፣ ይመለሳል።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዳር ማንኩሳን የመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ጎህ ሳይቀድ እህል በአህያ ጭነው ገበያ የሚወጡ እናቶች፣ ደብተራቸውን አንግበው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ ከብት የሚነዱ ሽማግሌዎች ሁሉ በአስፋልቱ ጠርዝ ነው የሚሄዱት። በአገራችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እግረኞች መሆናቸው የሚገርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል።

ሕዝቡ ጥፋታቸውን ዓይቶ ለመኪኖቹ ስም አውጥቶላቸዋል። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል፤ አይሱዙን ደግሞ «አልቃይዳ»። ሁለተኛው ስም ለእኛ ለሙስሊሞች ደስ አይልም። ቢሆንም በስሙ ከመከፋት ስሙን ያመጣውን ነገር መመርመር ይሻላል። ብረቱ በራሱ ሰው አይገድልም። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ስንት ሰዓት ነድቷል? መቼ ነው የተኛው? ጥያቄው ይህ ነው።

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮውና እጁ የሚዘገየው በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ግማሽ ግራም አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ሙሉ ቀንና ሌሊት ነቅቶ ካደረ ደግሞ መጠኑ በእጥፍ ይሆናል። እኛ ኸምር ሐራም ነው ብለን እንጠነቀቃለን፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ በሰካራም እጅ መሪ የሚይዝ ሙስሊም ሹፌር አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ላይ ለአራት ሰከንድ ዓይኑ ቢከደን፣ መኪናው ዘጠና ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ሄዷል ማለት ነው።

ሰውነት ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠው ሰዓት አለው። እንቅልፍ በጣም የሚጫነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት፣ እንዲሁም ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። ገበያተኛው ከቤቱ የሚወጣበትን ጊዜ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

«ጫት አለ አይደል?» የሚሉ አሉ። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም። ምርቃናው ሲለቅ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ያውም ምናልባት ቁልቁለት መሐል። ስለ ጫት ሑክም ዑለማዎቻችን የሚሉትን ለእነርሱ ልተወው፤ በመሪ ላይ ግን መድኃኒት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላት ላይ ሳለ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ሄዶ እንዲተኛ አዝዘዋል፤ ምሕረት እለምናለሁ ብሎ ራሱን ሊረግም ይችላልና። በሶላት ውስጥ ምላሱ ብቻ ሊስት የሚችለውን ሰው እንዲህ ካሉት፣ ሠላሳና አርባ ቶን ይዞ ሕዝብ መሐል የሚያልፈውንስ ምን ይሉት ነበር? ከኸይበር ሲመለሱ የሆነውንም እናስታውስ። ሌሊቱን ሲጓዙ ቆይተው ሲደክማቸው አርፈው ተኙ፤ ለሱብሒ እንዲቀሰቅሳቸውም ቢላልን (ረ.ዐ.) አስጠበቁ። ቢላል ንጋቱን እየጠበቀ ግመሉን ተደግፎ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ቢላል ሰነፍ ነበር የሚል አለ? እንቅልፍ በኢማን ብርታትም በጉልበትም የሚመከት ነገር አይደለም፤ የአካል ሐቅ ነው።

የአገራችን ሕግም የሚለው አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለሹፌሮች ብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ፣ በቀን በጠቅላላው ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ በየዕለቱም በተከታታይ 10 ሰዓት እንዲያርፍ ይመክራል። በአውሮፓ ኅብረት አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ለ45 ደቂቃ ይቆማል፤ በመኪናው የተገጠመ መሣሪያም ሰዓቱን ስለሚመዘግብ መዋሸት ይከብዳል። እኛ ዘንድ ኬላ ላይ መንጃ ፈቃድና ጭነት ይታያል፤ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደነዳ የሚመሰክር ወረቀት ግን የለም። ክፍያው በዙር ሲሆን ደግሞ የተኛበት ሌሊት ከልጆቹ ጉርሻ የተቀነሰ መስሎ ይታየዋል። ባለንብረቱም በየሰዓቱ ይደውላል፤ «የት ደረስክ?» እንጂ «ተኝተሃል ወይ?» የሚል አልሰማሁም።

ቡሬ ላይ ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ ያነሳሁለት አንድ ሹፌር፣ «መምህር፣ ሕጉስ ተኛ ይለኛል፤ የት ልተኛ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ለቀናት ይዘጋል፤ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ሳይዘጋ ልለፍ ብሎ ይጣደፋል። መንገድ ዳር አቁሞ መተኛት ያስፈራል፤ ስለዚህ ከፍርሃት ለመሸሽ ሲል ድካሙን ጭኖ ይነዳል። እዚህ ላይ የሹፌሩ ጥፋት ትንሽ፣ የሌላው ድርሻ ብዙ ይመስለኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛ ሌሊት ሲያርፍ ከመንገድ ላይ ዘወር እንዲል አስተምረዋል፤ ዘወር የሚባልበት ቦታ ግን ማዘጋጀት የከተማ አስተዳደሩና የእኛም የጀመዓው ሥራ ነው። በአውራ ጎዳናው አጠገብ ያሉ መስጊዶች ጥበቃ አላቸው፣ ውኃ አላቸው፤ ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸውም አይጠፉም። ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ለደከመ ሹፌር በሩን መክፈት ስንት ያስወጣል?

አደጋው ከደረሰስ? በስሕተት ሰው የገደለ ቤተሰቡ ይቅር ካላለው ዲያ (የደም ካሳ) እንደሚከፍል፣ ባሪያ ነፃ ማውጣት ካልቻለም ሁለት ወር በተከታታይ እንደሚጾም ሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም ከሸሪዓ የማይጻረሩ የትራፊክ ሕጎችን መጠበቅ ግዴታ እንደሆነና ሹፌር ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ወስኗል። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጋብቻን፣ ውርስንና የመሳሰለውን ስለሆነ የዲያው ነገር በሽማግሌዎች ያልቃል። የወንጀሉን ጉዳይ ግን ሽምግልና አያስቀረውም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ የጣሰ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

የሟች ቤተሰቦችም ይህን ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ባለንብረቱ «እኔ አልነዳሁም» ቢል ከኃላፊነት አይድንም። የካሳ ክስ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ወንጀል ያለበት ጉዳይ ሊረዝም ቢችልም በዚያ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። ሽማግሌ እየጠበቁ ዓመታት ያለፉባቸው ባልቴቶች አሉ። የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና የተቋቋመ የካሳ ፈንድም አለ። ስለዚህ ከቀብር በኋላ፣ የተዕዚያው ሰው ሳይበተን፣ ከቤተሰቡ አንዱ ሰሌዳ ቁጥሩንና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዞ ይሂድ።