ዓይኔ ላይ የሚብለጨለጨው ነገር

ማይግሬን ሲባል ብዙዎች የሚያውቁት ራስ ምታቱን ነው። እኔን ቀድሞ የሚይዘኝ ግን ዓይኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ ትጠፋብኛለች፤ ከዚያ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ብርሃን እየተብለጨለጨ ይሰፋል። ሳንቲም ልሰጠው ስል የወያላው ፊት ግማሹ የለም!

ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ይላል፣ ጓደኛ «መነጽር አድርጊ» ይላል። ጉዱ ያለው ግን አንጎል ውስጥ፣ እይታን በሚቆጣጠረው ክፍል ነው። አንዱን ዓይን ብትሸፍኑም በሌላው ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ ራስ ምታቱ ይከተላል፣ አንዳንዴም ይቀራል።

ሲጀምረኝ አስፋልት አላቋርጥም፤ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። መኪና የምትነዱ ዳር ያዙ። ምሳ መዝለል፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ የመጣበትን ቀን መዝግቡ።

እህቶቼ፣ ይህ ካለባችሁ የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ። ኢስትሮጂን ያለበት እንክብል ለስትሮክ አደጋ ይጨምራል፤ ሲጋራ ሲታከልበትማ ይብሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣባችሁ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ወይም አፍ ከተሳሰረና እጅ እግር ከከዳ፣ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ቤት ሩጡ!