“ትሬብል ኳየር” ምንድን ነው? አንዲት እኅት ለጠየቀችኝ ጥያቄ



በአሜሪካ በማገለግልበት ጉባኤ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እኅት ትንሽ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ ቀረበች። በሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት ከተለጠፈ ማስታወቂያ የገለበጠችው ነው። “ለትሬብል ድምፆች የተቋቋመ፣ ሁሉን የሚቀበል የማኅበረሰብ ኳየር፤ የድምፅ ፈተና የለም” ይላል። “ፓስተር፣ ይሄ እኔን ይመለከታል? ብገባስ ኃጢአት ይሆንብኛል?” አለችኝ። ይህች እኅት አገር ቤት ሳለች ለዓመታት በኳየር ያገለገለች፣ ካገባችና ከወለደች በኋላ ግን መዘመር ያቆመች ናት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ብዙዎች ስለምትሆኑ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

“ትሬብል” ማለት ከፍ ያለው ድምፅ ማለት ነው። ኳየሮቻችን በአራት ድምፅ ሲዘምሩ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ እንደሚባሉ ታውቃላችሁ። ትሬብል ኳየር ሶፕራኖና አልቶ ብቻ ያሉበት ነው፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው አራት ድምፅ ይሆናሉ። ኪቦርድ ላለው ሰው፣ ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ሶል ተነሥቶ ከመካከለኛው ዶ በላይ እስካለው ሁለተኛው ላ ድረስ ያለው ስፍራ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን “የሴቶች ኳየር” ብለው አይጽፉም? ድምፅ ከጾታ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ነው። ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። የሴት ልጅ የሚወርደው በጥቂት ኖታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዕድሜ በፊት ያለ ወንድ ልጅ ትሬብል ነው፤ በቀጭን ድምፅ መዘመር የሠለጠነ ጎልማሳ ወንድም እንዲሁ። በቅርብ ዓመታት ብዙ ኳየሮች ስማቸውን ወደዚህ የለወጡት ደግሞ ራሳቸውን ሴት ብለው የማይጠሩ ወይም ጾታቸውን የቀየሩ ዘማሪዎችንም ለመቀበል ነው። ይህን ከመግባታችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። “ሁሉን የሚቀበል” የሚለው ግን በዚህ አያበቃም። ኖታ ማንበብ የማይችል፣ መቆም አቅቶት ተቀምጦ የሚዘምር፣ መዋጮው የሚከብደው ሰውም ይገባል ማለት ነው።

ማን ይዘምር የሚለው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙ ሰው ጎድቷል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴት በጉባኤ ዝም ትበል የሚለውን የ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ቃል ለመዝሙርም አውለው ሴቶችን ከኳየር አስወጡ። ከፍተኛው ድምፅ ግን ስለሚያስፈልግ በጣሊያን ወንዶች ልጆችን እየሰለቡ ለኳየር አሳደጓቸው። በቫቲካን ሲስቲን ቻፕል ከዘመሩት ከእነዚህ መካከል የመጨረሻ የሚባለው አሌሳንድሮ ሞሬስኪ የሞተው በ1922 ነው፤ በሸክላ የተቀዳ ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል። ፖፕ ፒየስ 10ኛም በ1903 ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ኳየር እንዳይገቡ ደንብ አውጥተው ነበር። በእንግሊዝ የሳልዝበሪ ካቴድራል የሴት ልጆች ኳየር ያቋቋመው በ1991 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። በሌላ በኩል በቬኒስ ፒየታ በተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደጉ ሴት ልጆች፣ ቄስ የነበረው ቪቫልዲ ከ1703 ጀምሮ እያስተማራቸው፣ ከፍርግርግ ኋላ ሆነው ሲዘምሩ አውሮፓ ሊሰማቸው ይመጣ ነበር። ዕዝራ 2፥65ን ብትከፍቱ ደግሞ ከምርኮ የተመለሱት ወንዶችና ሴቶች ዘማሪዎች በአንድ ላይ ተቆጥረው ታገኛላችሁ።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ከሃያ ዓመት በፊት ኳየር በምከታተልበት ጉባኤ፣ የወለዱ እኅቶች “እንዲያርፉ” የሚል ደንብ አጽድቄ ነበር። ማረፍ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለን አልጠየቅናቸውም። የዚያች እኅት ወረቀት እጄ ላይ የከበደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። የማኅበረሰብ ኳየር ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ያህል ይለማመዳል፣ ከገና በፊትና በጸደይ ኮንሰርት ያቀርባል። የሚዘመረውን ዝርዝር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለዚህ ድምፅ ከተጻፉት ታላላቅ ሥራዎች ብዙዎቹ መንፈሳዊ ናቸው፤ የእንግሊዛዊው ብሪተን በ1942 ለትሬብል ድምፅና ለበገና ያዘጋጀው የገና ሥራ አንዱ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ዘፈን፣ የሌላ ሃይማኖት ጸሎት፣ የትግል መዝሙርም ይኖራል። በፊላደልፊያ በ1975 የተመሠረተው አና ክሩሲስ ለምሳሌ የሴቶችን መብት ዓላማው ያደረገ ኳየር ነው። ለሌላ አምላክ የሚቀርብ ጸሎት ካለ አልዘምረውም ማለት ትችላላችሁ፤ ይህን ግን ገና ስትገቡ ለመሪው ንገሩ እንጂ የኮንሰርቱ ምሽት ላይ አታድርጉት። አጠገባችሁ የሚቆመው ሰው በሕይወቱ ከእናንተ የተለየ ቢሆን እዚያ የሄዳችሁት ለመዘመር መሆኑን አትርሱ። ይህን መቀበል የሚከብዳችሁ ከሆነ አትግቡ፤ ገብቶ ማጉረምረም ለማንም አይበጅም። ደግሞም ወንጌል ለመስበክ በዘማሪ ስም ተደብቃችሁ አትሂዱ። የሚጠይቃችሁ ካለ መልሱ፤ ካልጠየቃችሁ አልቶውን በደንብ ያዙ።

አልቶው ደግሞ ቀላል አይደለም። ዜማው ከሶፕራኖ ጋር ነው፤ አልቶ ዜማ ያልሆነውን መስመር ይዛ መቆም አለባት። እኛ በጆሮ ተምረን ስላደግን ዜማው ወደሄደበት መሄድ ይቀናናል። በሜጀር ትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጂ ፋና ሲ የሉም፤ ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ጆሯችን ይንሸራተታል። እኛ የምናሳምርበት የድምፅ ማርገብገብም እዚያ ብዙ ጊዜ አይፈለግም፤ የጎረቤትን ድምፅ ሰምቶ ከእርሱ ጋር መዋሐድ ነው የሚፈለገው። ብዙ ኳየሮች የየድምፁን ቅጂ ለብቻው ስለሚሰጡ በመኪና እየሰሙ ማጥናት ይቻላል። ዕድሜ የሴትን ድምፅ በመጠኑ ያወርዳል፤ ድሮ ሶፕራኖ የነበራችሁ አሁን አልቶ ብትባሉ አትዘኑ።

ለእኅታችን “ሁለት ሳምንት ሄደሽ እዪው” አልኳት። ልምምዱ ማክሰኞ፣ የእኛ የጸሎት ፕሮግራም ረቡዕ ስለሆነ አይጋጭም። ማክሰኞ ማታ ልጆቹን ባለቤቷ ይይዛል። ሁለተኛ አልቶ ላይ አቁመዋታል፤ ባለፈው ደውላ “ፓስተር፣ ያቺ ፋ አሁንም ታመልጠኛለች” አለችኝ። እኔም የዚያን የድሮ ደንብ ጉዳይ ለኳየራችን ኃላፊዎች አንሥቼ፣ ካረፉት እኅቶች መካከል ማን መመለስ እንደምትፈልግ እየጠየቅን ነው።