የደርስ ቅጂዎቻችን በአንድ ዲስክ ላይ ናቸው፦ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ሐርድ ዲስክ እንዴት እንገጥማለን?



ከሚሴም ሆነ ባቲ፣ ሰንበቴም ሆነ ጨፋ ሮቢት፣ በመስጂድ ወይም በመድረሳ ቢሮ ጥግ ላይ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ የለበሰ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አይጠፋም። የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የደብዳቤዎች ግልባጭ፣ የረመዳን ደርስ ድምፅ፣ የመንዙማ ቅጂ፣ ከአሮጌ ኪታቦች በስልክ የተነሱ ገጾች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን ዲስኩ ይሞላና ቀይ መስመር ይመጣል። ያኔ አንዱ ወንድም ይቀመጥና ማጥፋት ይጀምራል። ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋው ትልቁ ፋይል ነው፤ ትልቁ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሼኹ ደርስ ነው።

ይህ በኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። ወሎ የዒልም አገር ነው። በዳዋ ጨፋ ወረዳ የምትገኘው ሾንኬ የሼኽ ጀውሃር ሐይደር መንደር ናት። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ባሳተሙት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና በሚተርከው መጽሐፋቸው ውስጥ በእጅ የተጻፉ ኪታቦችንና ከአዛውንቶች አፍ የተሰበሰበ ታሪክን በሰፊው ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለው ቅርስ ዛሬም በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥና በአዛውንቶች ልብ ውስጥ አለ። የተቀዳውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ መግጠምን የምናየው ቦታ እንደማስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ያለን ነገር ሁለት ቦታ እንዲኖር እንደማድረግ ነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አደጋው ያለው በብሎኑ ላይ ሳይሆን፣ ኋላ ስክሪኑ ላይ በሚመጣ አንድ ጥያቄ ላይ ነው። እዚያ እንደርሳለን።

በመጀመሪያ ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ እናስላ። ጥሩ ጥራት ባለው ኤም ፒ ስሪ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ደርስ ወደ 58 ሜጋባይት ይይዛል፤ አንድ ሺህ ሰዓት ደርስ እንኳ 58 ጊጋባይት ነው፣ ብዙ አይደለም። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ በስልክ በሙሉ ኤችዲ የተቀረጸ አንድ ሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል። የኪታብ ገጽ በስልክ ፎቶ ሲነሳ 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ 300 ገጽ ያለው ኪታብ 1.5 ጊጋባይት ይሆናል። በደህና ካሜራ ሳይጨመቅ ከተቀመጠ ግን ያው ኪታብ ከ20 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ደርስና ሰነድ ብቻ ላለው ቢሮ የ1 ቴራባይት ዲስክ ለዓመታት ይበቃል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ጀማዓ ግን ከ2 ወይም ከ4 ቴራባይት ባይወርድ ይሻለዋል።

ከመግዛታችን በፊት ሳጥኑን ከፍተን እንይ (ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ማለታችን ነው፤ ሲፒዩ በትክክል ውስጡ ያለችው ትንሿ ቺፕ ናት)። ሦስት ነገር ነው የምንፈልገው። አንደኛ፣ ለዲስክ የሚሆን ባዶ ቦታ። ለዴስክቶፕ የሚሠራው ዲስክ 3.5 ኢንች ነው። በቢሮዎች የምናያቸው ያገለገሉ ቀጫጭን ዴልና ኤች ፒ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ለአንድ 3.5 ኢንች ዲስክ ብቻ ነው ቦታ ያላቸው፤ እነሱ ላይ የላፕቶፑን 2.5 ኢንች ዲስክ ማስገባት ወይም የሲዲ ማጫወቻውን አውጥቶ ቦታውን መጠቀም ይቻላል። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የሳታ መሰኪያ መኖሩ፤ አጠገቡ ሳታ 0፣ ሳታ 1 እየተባለ ተጽፎበታል። ሦስተኛ፣ ትርፍ የኃይል ገመድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በአንዳንድ የዴልና የኤች ፒ ሞዴሎች የዲስኩ ኃይል የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ገመድ ደግሞ በየሱቁ አይገኝም። ስለዚህ የውስጡን ፎቶ በስልክ አንስተን ለሻጩ ማሳየት ወደ ደሴ ወይም ወደ መርካቶ ሁለቴ ከመመላለስ ያድነናል። የሳታ ዳታ ገመድ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጋር ስለማይመጣ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

ዲስኩ በእርግጥ አዲስ ነው? ላስቲክ ተጠቅልሎ ስለመጣ ብቻ አዲስ አይባልም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው እንዴት እንደሆነ ያሳያል። አዲስ የተባለ ዲስክ ብዙ ሺህ ሰዓት ካሳየ ለሻጩ መመለስ ነው። አስቀድመን ብንጠይቅ ሻጩ ራሱ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ሊያሳየን ይገባል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ከሁሉ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የማይተካ ነገር በፍላሽም ሆነ በኤክስተርናል እንገልብጥ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግተን ገመዱን ከዲቫይደሩ እንንቀል፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ውስጥ የቀረውን ኃይል ያወጣል። ሳጥኑን ስንከፍት፣ ዲስኩን ከመንካታችን በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጃችን እንንካ፤ ከሰውነታችን የሚዘል ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። እግረ መንገዳችንንም አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ። ከሚሴ ሞቃት ናት፤ አቧራ የሞላው ማራገቢያ ደግሞ ዲስክን ያሞቃል። አብዛኛው የዴስክቶፕ ሐርድ ዲስክ የተሠራው እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ነው፤ ሁለት ዲስኮች ተነባብረው ከተቀመጡና አየር ካላገኙ ወደዚያ መጠጋታቸው አይቀርም። ቦታ ካለ በመካከላቸው ክፍተት እንተው።

ዲስኩን ቦታው ላይ አንሸራተን ካስገባን በኋላ በአጫጭር ብሎኖች በሁለቱም ጎን እንሰር። ረጅም ብሎን ውስጡን ሊነካ ስለሚችል ካቻቢቴ አንስተን ያገኘነውን ሁሉ ማስገባት የለብንም። ቀጭኑን የዳታ ገመድ ከማዘርቦርዱ ወደ ዲስኩ፣ ሰፊውን የኃይል ገመድ ደግሞ ዲስኩ ላይ እንሰካለን። ሁለቱም አፋቸው ጠመም ያለ ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገቡት፤ እምቢ ካሉ አዙሮ መሞከር እንጂ መግፋት አይደለም። የነባሩን ዲስክ ገመድ ከነበረበት አናንቀሳቅስ።

ስናበራው ወደ ባዮስ እንግባ፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤች ፒ ኤፍ 10 ነው። ሁለቱም ዲስኮች ስማቸው ከታየ ጥሩ። አዲሱ ካልታየ በአንዳንድ ዴሎች ላይ ያ የሳታ መሰኪያ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምልክት አድርጎ መክፈት ነው። ዊንዶውስ አልነሳም ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከባዶው ዲስክ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል፤ የመነሻውን ቅደም ተከተል ወደ ነባሩ መመለስ ይበቃል።

ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ አዲሱ ዲስክ «ማይ ኮምፒውተር» ውስጥ አይታይም። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «ዲስኩ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። አይደለም፤ ገና መሬቱ አልታረሰም። የስታርትን ምልክት በቀኝ ተጭነን ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ስንከፍት ዲስኩን ኢኒሻላይዝ እንድናደርግ ይጠይቀናል። ከሁለቱ ምርጫዎች ጂ ፒ ቲ የሚለውን እንውሰድ፤ አሮጌው ኤም ቢ አር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መጠቀም አይችልም። ከዚያ ጥቁር መስመር ያለበትን ባዶ ቦታ በቀኝ ተጭነን ኒው ሲምፕል ቮልዩም ብለን፣ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ መርጠን ስም እንስጠው። 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት ብቻ ቢያሳይ አልተታለልንም፤ ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ቅድም ያልነው ጥያቄ ይኸው ነው። መምህር በነበርንበት ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኮምፒውተር አሮጌውን ዲስክ አውጥተን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ገጠምነው። በውስጡ የሦስት ዓመት የተማሪ ውጤትና አንድ ኡስታዝ ያስቀሩትን የደርስ ድምፅ ለማውጣት ነበር። ስክሪኑ «ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» አለን፤ እኛም ቸኩለን እሺ አልነው። ጥፋቱ የዲስኩም የዊንዶውስም አልነበረም፣ የእኛ ነው። ውጤቱን ከወረቀት መዝገብ መልሰን ጻፍነው፤ ድምፁን ግን ከየትም አላገኘነውም። ስለዚህ ፋይል ያለበት ዲስክ ኢኒሻላይዝ ወይም ፎርማት እንድናደርገው ሲጠየቅ መልሱ ካንስል ነው፤ ዲስኩን ነቅሎ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት። አዲስ ዲስክ ስንገጥምም ከመጫናችን በፊት በዲስክ 0 እና በዲስክ 1 ፊት ለፊት የተጻፈውን መጠን እናንብብ፤ ሁለቱ መጠናቸው አንድ ከሆነ በተለይ እንጠንቀቅ።

ዲስኩ ሲዘጋጅ ፋይሎቹን ከት ሳይሆን ኮፒ እናድርግ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ዋናው በቦታው እንዲቀር ነው፤ ዩፒኤስ ካለ ደግሞ ይህ ሥራ በእሱ ላይ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። ኮፒው አለቀ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የኪታብ ገልባጮች ሙቃበላ የሚሉት ሥራ ነበራቸው፤ ግልባጩን ከዋናው ጋር እያነበቡ ያመሳክሩና የደረሱበትን በኅዳጉ ላይ «በለገ» ብለው ምልክት ያደርጉ ነበር። እኛም የሁለቱን ፎልደሮች የፋይል ቁጥርና መጠን በፕሮፐርቲስ እናመሳክር፤ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችንም ከፍተን መሃላቸውንና መጨረሻቸውን እንስማ። የፋይሉ ስም «ደርስ አዲስ 2» ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም፤ የሼኹ ስም፣ ኪታቡ፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበት። የኪታብ ፎቶ ከሆነ የባለቤቱ ቤተሰብ የፈቀደው ለምን እንደሆነም አብሮ ቢቀመጥ አማና ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች አንደኛው ሲበላሽ ይደጋገፋሉ፤ ሳጥኑ ሲሄድ ግን አብረው ይሄዳሉ። መብረቅ፣ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ፣ ሌባ፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ አንዱን ከሌላው አይለዩም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ በወሎ ከተሞች ሲያልፍ ከተዘረፉት ቢሮዎች ኮምፒውተሮቹ የተወሰዱት ከነዲስካቸው ነው። ለዚህ የሚሆነው ሦስተኛ ቅጂ ነው፤ በኤክስተርናል ላይ ሆኖ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ በሌላ ሰው ቤት የሚቀመጥ። ከሚሴ ያለው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ካለ ዘመድ ዘንድ ቢያስቀምጥና በየሦስት ወሩ አዲሱን ቢጨምርበት ይበቃል። ወጪው ለጀማዓው ከከበደ፣ ሁለት መድረሳዎች አንዱ የሌላውን ዲስክ ሊያስቀምጥ ይችላል።